ስሟ ማሪያ፣ በቃ

ሊማ ውስጥ የአንዲት የቤት ሠራተኛ ሠርግ ነበር። ሙሽራዋ ማሪያ ራሞስ ትባላለች። ከገጠር መጥታ ሰው ቤት ተቀጠረች፤ የሀብታም ልጅ አስረግዟት ጥሏት ሄደ፤ ማታ ማታ ፊደል ቆጠረች፤ ልብስ ስፌት ይዛ ራሷን ቻለች፤ ከዚያም አልፋ ስመ ጥር የልብስ ዲዛይነር ሆነች። ሙሽራው ፊደል ያስቆጠራት መምህር እስቴባን ነው። ሃያ ዓመት ገደማ ጠብቋታል። (ይቺን ሃያ ዓመት ያዙልኝ፣ እንመለስባታለን።) የዚያን ቀን ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ አሥር ሺህ ያህል ሰው ተሰብስቦ ነበር ይባላል። የክት ልብሱን ለብሶ፣ ለሙሽሮቹ ስጦታ ይዞ የመጣም ነበረበት።

ችግሩ፣ ማሪያ ራሞስ የምትባል ሴት የለችም። ሠርጉ የቴሌቪዥን ቀረጻ ነው። ድራማው «ሲምፕሌመንቴ ማሪያ» ይባላል፤ እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1971 የፔሩው ፓናሜሪካና ቴሌቪዥን በጥቁርና ነጭ ያሳየው፣ ከ400 ክፍል በላይ የሄደ ተከታታይ። ድርሰቱ ሴሊያ አልካንታራ የተባለች አርጀንቲናዊት ደራሲ ነው። ርዕሱን ወደ አማርኛ ልመልሰው ብዬ ብዙ ታግያለሁ። «ማሪያ ብቻ» ማለት ይቻላል፤ «እንዲሁ ማሪያ»ም ያስኬዳል። ለእኔ ጆሮ የሚጥመው ግን «ስሟ ማሪያ፣ በቃ» የሚለው ነው። የማን ልጅ ናት የለ፣ የማን ቤት ናት የለ። ማነሽ ሲሏት የምትመልሰው ይኸው ነው።

ይሄ ሠርግ ስለ ላቲን አሜሪካ ድራማዎች በሚወራበት ቦታ ሁሉ ይነሳል፤ የሚነሳው ደግሞ በፈገግታ ነው። «እውነት መስሏቸው እኮ ነው!» ይባላል። እኔ አይዋጥልኝም። ሰዎቹ ጋዜጣ ያነባሉ፤ ባያነቡ የሚያነብ ጎረቤት አላቸው። ተዋናይዋ ሳቢ ካማሊች እንደምትባል፣ መምህሩን የሚጫወተው ሪካርዶ ብሉሜ እንደሆነ ሳያውቁ ያን ሁሉ ክፍል አላዩም። እኛስ የማናውቃት የጎረቤት ዘመድ ሠርግ ሄደን እስክስታ እንወርድ የለ? ሊማ ውስጥ በዚያ ዘመን የቤት ሠራተኛ በነጭ ቬሎ፣ ከተማው ሁሉ ወጥቶ እያያት የምትዳርበት ቀን በየሳምንቱ የሚገኝ አይመስለኝም። ያ ቀን ሲገኝ፣ ለቀረጻም ቢሆን፣ ቤት ቁጭ ብሎ መቅረት ያንገበግባል።

ይህን በልበ ሙሉነት የምናገረው ፔሩን ስለማውቅ አይደለም፤ እግሬ አልረገጣትም። አክስቴን ስለማውቅ ነው።

አክስቴን እታለም ነው የምንላት። አሥራ አንድ ዓመት ቤይሩት ሠርታለች። ከተመለሰች በኋላ ቤተሰቡ ሁሉ ሊጠይቃት ይሞክራል፤ ሰዎቹ እንዴት ነበሩ፣ ምግቡስ፣ መትተውሽ ያውቃሉ? እሷ «ደህና ነበር» ብላ ታልፈዋለች። ስለ «ካሳንድራ» እና ስለ «ጓዳሉፔ» ከተነሳ ግን ሌሊቱን ሙሉ ታወራለች። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የሊባኖስ ቴሌቪዥን የሜክሲኮና የቬንዙዌላ ድራማዎችን ወደ አረብኛ እየመለሰ ያሳይ ነበር፤ ልጅ ሆኜ አላውቅም እንጂ ለካ አክስቴ ስለ ቤይሩት የምታወራበት መንገድ እሱ ነበር። «ያኔ ካሳንድራ ከሰርከሱ ልትወጣ ስትል እኔ ታምሜ ተኝቻለሁ» ትላለች። ወይም «እሷ ያገባች ሰሞን ነው ፓስፖርቴን የወሰዱብኝ።» ዓመተ ምህረት አትጠራም። የእሷ ዘመን አቆጣጠር በክፍል ነው።

አረብኛዋም ከዚያው የመጣ ነው። ድራማዎቹ የሚተረጎሙት የሊባኖስ ሰው ሰፈር ውስጥ በሚያወራው አረብኛ ሳይሆን በመጽሐፍና በዜና አረብኛ ነው። እታለም የተማረችው ያንን ነው። ሱቅ ስትላክ ባለሱቁ በሳቅ ይፈርሳል። እኛ ሰፈር አንዷ ጉሊት ሄዳ በግዕዝ ሽንኩርት ስጡኝ ብትል ማለት ነው። «ወየው አምላኬ! ብዬ ነበር የምደራደረው» ትላለች። ዛሬም ስትናደድ የሚያመልጣት አረብኛ የሆነች የተበደለች ሙሽራ አረብኛ ነው።

የምታየው ቆማ ነበር። ድራማው የሚመጣበት ሰዓት የልብስ መተኮሻ ሰዓት ሆኖ ተመደበ፤ ማዳም ሶፋው ላይ፣ እታለም ከሶፋው ጀርባ ካውያ ይዛ። ስክሪኑ ላይ አንዷ ድሃ ልጅ ትሰደባለች፣ በጥፊ ትመታለች፣ ከቤት ትባረራለች። ማዳም ታለቅሳለች። «መሐረብ የማቀብላት እኔ ነኝ» ትላለች እታለም፣ ይህን ስትናገር ደግሞ ትስቃለች፤ ጥርሷ ሁሉ እስኪታይ ትስቃለች። አንድ ቀን ማዳም ዞር ብላ «አየሽ ሰው እንዴት ጨካኝ ነው?» አለቻት። «አየሁ ማዳም» አልኳት፣ አለችን። አያቴ ይሄን ሲሰሙ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ወጡ። እታለም ግን ገና ወሬዋ አላለቀም ነበር። ስለ ማዳም የምትለው ሌላ የላትም፤ ስለ ካሳንድራ ግን ቅሬታ አላት።

ቅሬታዋ ይሄ ነው። «ሁሌ መጨረሻ ላይ የሀብታም ልጅ ሆና ትገኛለች!»

እውነቷን ነው። ካሳንድራ በሰርከስ ሰዎች መካከል ብታድግም በሕፃንነቷ የተለወጠች የትልቅ ቤት ልጅ ናት። ይህ ብልሃት የቆየ ነው። ኩባዊው ፌሊክስ ካይኜት እ.ኤ.አ. በ1948 ለሬዲዮ የጻፈው «ኤል ዴሬቾ ዴ ናሴር»፣ ማለትም «የመወለድ መብት»፣ አንድ ባለጸጋ አያት የጣለውን ሕፃን ጥቁር ሞግዚት ወስዳ አሳድጋ ሐኪም ስታደርገው ያሳያል፤ ከዚያ ወዲህ የመጡት ደራሲዎች ግማሾቹ ከዚያ ማሰሮ ጨልፈዋል። ደም መደበቅ፣ ወረቀት መጥፋት፣ አንገት ላይ ያለ ማርያም ሐብል፣ በመጨረሻ «ልጄ!» ድሃዋ ልጅ የተከበረችው ለካ ድሃ ስላልነበረች ነው። እታለም ካውያውን ይዛ ይህን ደጋግማ አይታለች፤ ደጋግማም ተናዳለች። «ታዲያ ለእኔ ምኑ ነው?» ትላለች። «እኔን ማንም አለወጠኝም። አባቴ የታወቀ፣ እናቴ የታወቀች።»

«ሲምፕሌመንቴ ማሪያ» ላይ ይህ የለም። ማሪያ ከገጠር የመጣች ልጅ ናት፤ እስከ መጨረሻውም ከገጠር የመጣች ልጅ ናት። ከኋላዋ የሚመጣ ኑዛዜ የለም። ያላት የማታ ፊደልና የስፌት መኪና ነው። ድራማውን ባጠኑት ሰዎች ጽሑፍ ውስጥ የተመዘገበው የተመልካች ነገር ሁሉ ለእኔ ከዚህ ይመነጫል። የቤት ሠራተኞች ማታ ትምህርት ለመግባት ተመዘገቡ፤ የስፌት ትምህርት ፈላጊው በዛ፤ የሲንገር መኪና ሽያጭ አደገ። የጠፋ አባት ፍለጋ አይኬድም፤ የስፌት ትምህርት ቤት ግን ይኬዳል። ድራማው ከፔሩ ወጥቶ በሌሎቹ የስፓኒሽ ተናጋሪ አገሮች ሲዞርም ያው ነገር ተከተለው። ሜክሲኮ እ.ኤ.አ. በ1989 በቪክቶሪያ ሩፎ እንደ አዲስ ሠራችው፤ እሱ ደግሞ ሩሲያ ገብቶ በ1990ዎቹ መጀመሪያ የሞስኮን ባልቴቶች ቤት አስቀመጣቸው።

አንድ ሰው ይህን ሁሉ ከሜክሲኮ ሆኖ ያይ ነበር። ሚጌል ሳቢዶ ይባላል፤ የቴአትር ሰው ነው፣ ያኔ ቴሌቪሳ ውስጥ ይሠራ ነበር። ድራማው ሳያስበው ይህን ካደረገ፣ አስቦ ቢሠራስ? አለ። የሥነ ልቦናው ምሁር አልበርት ባንዱራ ሰው ሌላውን እያየ ይማራል የሚለውን ወሰደ፤ ደግ ገጸ ባህሪ፣ ክፉ ገጸ ባህሪ፣ መሃል ላይ ደግሞ እንደ ተመልካቹ የምትወላውል አንዲት ሰው አደረገ። በ1975 ስለ ጎልማሶች ትምህርት «ቬን ኮንሚጎ»ን ሠራ። አንድ ክፍል ላይ መማሪያው መጽሐፍ የት እንደሚገኝ ሲታይ፣ በማግስቱ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ወደዚያ ጎርፎ የሜክሲኮ ሲቲ መንገድ ተዘጋጋ። በ1977 ደግሞ ስለ ቤተሰብ ምጣኔ «አኮምፓኛሜ» መጣ።

እና ይሄ ክር ተስቦ ተስቦ እኛ ግቢ ደረሰ። አጋንኜ አይደለም። የሳቢዶን ዘዴ ይዞ እ.ኤ.አ. በ1998 ፖፑሌሽን ሚዲያ ሴንተር የተባለ ድርጅት አሜሪካ ውስጥ ተቋቋመ፤ ከ2002 እስከ 2004 ደግሞ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «የቀን ቅኝት»ን አስተላለፈ። 257 ክፍል። በኦሮምኛ «ዲምቢባ» ነበር። የእኔ ዕድሜ እኩዮች ታስታውሱታላችሁ፤ ካላስታወሳችሁ ቤት ውስጥ ያለን ትልቅ ሰው ጠይቁ። ከአድማጮች ከ15 ሺህ በላይ ደብዳቤ ደርሶታል።

እኛ ቤት ደብዳቤ የጻፈ የለም። ሐሳብ የሚሰጥ ግን ሞልቶ ነበር። ሬዲዮው ወጥ ቤት ነው ያለው። አያቴ ለክፉዎቹ ሁሉ አንድ ፍርድ ነበራቸው፤ «አሳዳጊ የበደለው።» ጎረቤት ቡና ሊጠጡ የሚመጡት እትዬ ደግሞ ለሁሉም ምክንያት ያገኙለታል። ከሁሉም የተለየ አስተያየት የነበራት እኛ ቤት የምትሠራዋ ልጅ ነበረች። ስሟን አልጽፈውም፤ አሁን የት እንዳለች ስለማላውቅ ፈቃዷን መጠየቅ አልችልም። ያኔ አሥራ ስድስት ወይ አሥራ ሰባት ቢሆናት ነው። እሷ አትፈርድም። «እስቲ ቆይ፣ እሷ ምን ብር አላት?» ትላለች። አንዲት ሴት ባሏን ትታ ትሂድ አትሂድ ተብሎ ክርክሩ ሲጦፍ፣ ልጅቷ ሽንኩርቷን እየላጠች «የት ትደር?» ትላለች። ሁሉም ዝም ይላል። ከዚያ አያቴ «አንቺ ወጡን አታሳርሪ» ይሏታል።

አንድ ቀን ማታ ትምህርት ልግባ አለች። በሰፈራችን የማታ ተማሪዎች ደብተራቸውን በፌስታል ይዘው በአሥራ ሁለት ሰዓት ሲያልፉ ታያቸው ነበር፤ አብዛኞቹ እንደሷ ሰው ቤት የሚሠሩ ናቸው። አያቴ ክፉ ሴት አልነበሩም። «ራቱን ማን ያቀርባል?» ነው ያሉት። ነገሩ እዚያ ላይ ሊያልቅ ነበር። እሁድ እሁድ ግን ከቤይሩት ይደወላል፤ አያቴ ከዋጋ፣ ከጤናና ከዝናብ ወሬ ቀጥለው እንደ ዋዛ አነሱት። እታለም በስልክ ውስጥ ዝም አለች። ያን ጊዜ ስልክ በደቂቃ የሚቆጠር ስለሆነ ዝምታ ውድ ነገር ነበር። ከዚያ «ትግባ» አለች። «ደሞዟን የምከፍለው እኔ ነኝ፣ ትግባ።»

ልክ ነበረች፤ የምትከፍለው እሷ ነበረች። የእኔንም የትምህርት ቤት የምትከፍለው እሷ ናት። ቤይሩት ሶፋ ጀርባ ቆማ ከምትተኩሰው ልብስ የሚመጣው ብር አዲስ አበባ ላይ ሌላ ሠራተኛ ይቀጥር ነበር። ይህን እኔ ልጅ ሆኜ የማላየው ነገር ነው፤ አሁን ሳስበው ግን ከ«የቀን ቅኝት»ም ከ«ካሳንድራ»ም የሚበልጥ ድራማ እዚያ ወጥ ቤት ውስጥ ነበር፤ ጸሐፊ አጣ እንጂ።

ልጅቷ እስከ አራተኛ ክፍል ሄደች። ራቱን አያቴ ራሳቸው ያቀርቡ ነበር፣ እያጉረመረሙ። ከዚያ ዕድሜዋን የሚጨምር መታወቂያ አውጥታ ወደ ኩዌት ሄደች። ለባለሙያዎቹ መዝገብ ይህ የት እንደሚገባ እንጃ። ድራማ የሰማች፣ ፊደል የቆጠረች ተብላ በአንዱ ዓምድ ትገባለች፤ ፊደል የቆጠረችው ኮንትራቷን ራሷ ለማንበብ እንደሆነ የሚጠይቅ ዓምድ ያለ አይመስለኝም። ለእኔ ግን ነግራኛለች፤ «የፈረምኩትን ልወቀው ብዬ ነው።» ሳቢዶን አልናቅኩም፤ ሰውየው ብልህ ነው፣ ዘዴውም ይሠራል። ግን ተመልካቹን የሚማር ብቻ አድርጎ ማየት፣ ሠርግ ደጃፍ የቆሙትን አሥር ሺህ ሰዎች ሞኝ ከማለት ብዙ አይርቅም። ሁለቱም ጋ አንዱ ያውቃል፣ ሌላው አፉን ከፍቶ ያያል። ቃና በ2016 (እ.ኤ.አ.) የውጭ ድራማ በአማርኛ ማሳየት ሲጀምር የተነሳውን ጫጫታ ታስታውሱ የለ፤ እናቶቻችን ባህላቸውን በአንድ ሪሞት ሊጥሉት ነው ተብሎ ስንት ተባለ። እናቶቻችን ምን እንዳሉ የጠየቀ ትንሽ ነው። እኔ ያየኋቸው እናቶች ሲያዩ ዝም ብለው አያዩም። ይሰድባሉ፣ ይመክራሉ፣ ደራሲውን ያርማሉ።

ባለፈው ክረምት እታለምን የ1989ኙን፣ የሜክሲኮውን ማሪያ በስልኬ አሳየኋት። ያገኘሁት በስፓኒሽ ብቻ ነው፤ ከሥሩ ጽሑፍ የለውም። እኔ «ግራሲያስ» ከማለት አላልፍም። እሷ ምንም አልቸገራትም። «ይሄ ይዋሻታል» አለች ገና ልጁ ብቅ ሲል። «ይቺ የቤቱ እመቤት ናት፣ አረማመዷን እይ።» አልተሳሳተችም። ዋናዋን ቪክቶሪያ ሩፎን ግን አልተቀበለቻትም። ሁለት ጉንጉን አድርገውላታል፣ የገጠር ልብስ አልብሰዋታል። እታለም ስልኩን ወደ ዓይኗ አቀረበችው። «እጇን አይተሽዋል? ይሄ እጅ በረኪና ያውቃል?»

የሊማዋንም ፎቶ ፈልጌ አሳየኋት። ሳቢ ካማሊችም የዘር ሐረጓ ከአውሮፓ የሆነ ነጭ ሴት ናት፤ ሊማ ውስጥ ሰው ቤት የሚሠሩት ብዙዎቹ ደግሞ ከአንዲስ ተራሮች የወረዱ፣ ኬችዋ የሚናገሩ ሴቶች ነበሩ። እነዚያ ሴቶች ጉንጉን የተሠራላትን ነጭ ሴት አይተው ምን እንዳሉ ባውቅ ደስ ይለኛል። እኔ አክስቴ ያለችውን ብቻ ነው የማውቀው። ፎቶውን ረጅም ጊዜ አየችው። «ይሁን» አለች። «ሥራውን ከሠራችው።»

ስለ ሃያው ዓመት የነገርኳት ያኔ ነው። መምህሩ ሃያ ዓመት ጠበቃት፣ ሠርጉ ላይ ሕዝብ ወጣ፣ ሰዎች ስጦታ ይዘው መጡ አልኳት። ጥሩ ታሪክ የነገርኳት መስሎኝ ነበር። እታለም ቡናዋን ፉት አለች።

«ጠበቃት ትያለሽ፤ እሷ እኮ ሥራ ላይ ነበረች።»

እኛ ቤት እታለምንም ይጠብቃት የነበረ ሰው ነበር ይባላል። ስሙን ማንም አያነሳም፤ እኔም አልጠየቅኳትም።

ከዚያ ወዲህ አሥራ አራት ክፍል አይተናል። የፍቅሩን ክፍል «አሳልፊው» ትለኛለች፤ የወጥ ቤቱን ክፍል ግን መልሼ እንዳሳያት ታዘኛለች። ሴቶቹ ድንች እየላጡ ሲያወሩ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ትለጥፋለች፣ ስፓኒሹ ሲጠጋት የሚገባት ይመስል። ደጋግማ የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ ለማሪያ በወር ስንት እንደሚከፍሏት። ስፓኒሽ የሚችል ጓደኛ ፈልጌ ላስጠይቅላት ቃል ገብቻለሁ።